መጀመሪያ ውኃ ይፍሰስላት

ስልኬ ሲጠራ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል።

“ጤና ይስጥልኝ፤ ወይዘሮ ሸዋዬን ማግኘት እንችላለን?” አለችኝ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ። ጥቁሯን መኪና ከገዛንበት ድርጅት ነው የምትደውለው። እትዬ ሸዋዬ በስልክ ማውራት ስለማይወዱ እዚያ ያስመዘገቡት የእኔን፣ የሾፌራቸውን ቁጥር ነበር።

“አታገኚያቸውም” አልኳት። “አርፈዋል።”

“ውይ! ነፍስ ይማር!” አለች። የምሯን ነው ያዘነችው፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። ቀጥላም፣ “ታዲያ ጋሼ፣ መኪናዋን ማን ያመጣልናል? የሰርቪስ ጊዜዋ ደርሷል። ነጻ እጥበትም አላት” አለችኝ።

በስመ አብ ወወልድ! ለቅሶ ቤት መሃል ሳቄ መጣ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ እየተንደረደርኩ ከድንኳኑ ወጣሁ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ጎረቤቶች ያለቀስኩ መስሏቸው “አይዞህ ጌታቸው፣ አይዞህ” እያሉ ደገፉኝ፤ አንዷም ውኃ አመጣችልኝ። እውነትም ውኃውን ስቀበል እያለቀስኩ ነበር። እትዬ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ “እነዚህ ሰዎች ሬሳዬንም ሳይወለውሉ አይለቁኝም!” ነበር የሚሉት።

እትዬ ሸዋዬ አጭር፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን ዘወትር የሚያማቸው፣ ምላሳቸውን ግን አንድም ቀን አሟቸው የማያውቅ ሴት ነበሩ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሙሽራ ልብስ ያከራዩ ነበር። ብዙ ዘመን ቬሎ ሲተኩሱ ስለኖሩ የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ካውያ አቃጥሏት ወደ ውስጥ ታጥፋ ቀርታለች። ሱቁ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ሲባል ቬሎዎቹን ሁሉ ሸጡና በገንዘቡ ለሙሽራ የምትከራይ ጥቁር አዲስ መኪና ገዙ።

“ቬሎ አንዷን ይጠባታል፣ ሌላዋን ይሰፋታል” አሉኝ የቀጠሩኝ ዕለት። “መኪና ግን ለወፍራሟም ለቀጭኗም ልክ ነው። እኔ ከእንግዲህ ስፌት መፍታት አልችልም።”

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው ሜሮን ያኔ የነርስ ተማሪ ነበረች። የቤቱ ኑሮ፣ የልጅቷ ትምህርት፣ የእኔም ደሞዝ ጭምር በዚያች መኪና ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ስሟን “እሜቴ” አሏት። እሜቴ ነቅታለች? እሜቴን የት አቆምካት? እሜቴ ላይ ወፍ አላረፈባትም? ስለ እሷ እንደ ሰው ነበር የሚጠይቁኝ።

የሙሽራ መኪና ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም። ሰው የሚከራያት ሊሄድባት ብቻ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ሊነሳባት ነው! ፎቶ አንሺው፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ ሚዜው፣ የሙሽሪት አክስት፣ ሁሉም ዓይኑን በሯ ላይ ነው የሚጥለው። ቀለሟ ካልበራ ሞተሯ ወርቅ ቢሆን ማን ይፈልጋታል?

ሥራ በጀመርኩ ማግስት ሰሚት፣ ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ ባልዲ ሞልቼ ጎማዋን ካጠብኩ በኋላ ያንኑ ስፖንጅ ነከር አድርጌ በሯን ማሸት ስጀምር ከበረንዳቸው የጮሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

“ተው! ተው! እጅህን አንሳ!”

እባብ ያየሁ መስሎኝ ዘልዬ ቆምኩ። በዱላቸው እየተደገፉ መጡ።

“አንተ፣ ቤትህ እንግዳ ሲመጣ እጁን እንዴት ነው የምታስታጥበው?”

“ውኃ አፈስለታለሁ።”

“ሌላው እንግዳ በታጠበበት ሳፋ ነክረህ አታሸውም?”

“ኧረ እትዬ! ነውር ነው!”

“ታዲያ እሜቴ ምን አጠፋች? ጎማዋን ባጠብክበት ውኃ ፊቷን የምታሻት? እዚያ ባልዲ ውስጥ ያለው አሸዋ እኮ ነው።”

ገብተው የቤታቸውን የእጅ ማስታጠቢያ አመጡ። ቀጭን አንገት ያላት፣ እንግዳ ሲመጣ የምትወጣ ማስታጠቢያ ናት። አቧራው በራሱ እስኪወርድ ከላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱላት። ከዚያ ያረጀ ነጠላ ቆርጠው ሰጡኝና ከላይ ወደ ታች ሳልጫን እንድሄድ፣ ጨርቁንም በየጊዜው በንጹሕ ውኃ እንዳለቀልቅ አዘዙኝ። “መጀመሪያ ውኃ፤ ከዚያ እጅ” አሉኝ። ይቺን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው። ጎረቤቶች በማስታጠቢያ መኪና ሳጥብ ሲያዩ “ጌታቸው፣ ምሳም ልታቀርብላት ነው?” እያሉ ይስቁብኛል። እሳቸው ሳቃቸውን ከምንም አይቆጥሩትም። እጥበቱ ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ጥርሳቸውን ገለጥ አድርገው በሯ ላይ ያያሉ። ጥርሳቸው ከታያቸው ጨርሻለሁ ማለት ነው።

ከመኪናዋ ሲወርዱም አንድ ልማድ ነበራቸው። በሩን ይዘጉና በመዳፋቸው ሙሉ ቸብ አድርገው “ተባረኪ” ይሏታል። እኔን ግን ተባረክ ብለውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ባማርር፣ “አንተ ደሞዝ አለህ” አሉኝ።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው በዋስትናው በኩል ነው። መኪናዋ ስትገዛ ሞተሯ ቢበላሽ በነጻ የሚሠራላት ዋስትና ተሰጥቷታል። ዋስትናው የሚጸናው ግን ሰርቪሷን ሁሉ እዚያው ድርጅት ካስደረግን ብቻ ነው። ሌላ ጋራዥ ከነካት አበቃ። ሰርቪስ የገባ መኪና ሁሉ ደግሞ “የደንበኛ ክብር” እየተባለ በነጻ ይታጠባል።

ከመጀመሪያው ሰርቪስ ስንረከባት ከሩቅ እንደ ጉድ ታበራ ነበር። እትዬ ደስ ብሏቸው ጠጋ አሉና ጎንበስ ብለው ጥርሳቸውን ገለጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አደረጉት። እንደገና አዩ። እንደገና አውልቀው ወለወሉ።

“ጌታቸው፣ መነጽሬ ነው ወይስ እሜቴ ናት?”

ፀሐዩ በደንብ ሲያርፍባት እኔም አየሁት። በሩ፣ ኮፈኑ፣ ጣሪያው ሳይቀር በቀጫጭን ክብ ጭረት ተሞልቷል፤ ልክ የሸረሪት ድር።

“እሜቴ ናት” አልኳቸው። ምን ልበል?

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ብሩክ የሚባል ልጅ ነው። ከረቫቱ የማይጠመም፣ ጨዋ፣ ቁጣ የማያውቅ ልጅ። ወጥቶ አያትና “እትዬ፣ ይሄ እኮ ኖርማል ነው። ጥቁር ቀለም ባሕርይው ነው” አላቸው።

“መቧጨር ነው ባሕርይው?”

“ከፈለጉ ፖሊሽ እናደርግልዎታለን።”

“ፖሊሹ ምን ያደርጋል?”

“ከላይ ያለውን ስስ ሽፋን ትንሽ ይልጠውና ያስተካክለዋል።”

“አሃ! ፊቴን ቧጭረህ ስታበቃ፣ ቆዳሽን ልግፈፍና እኩል ይሁንልሽ ትለኛለህ? ተወው ልጄ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ ለሚቀጥለው አትጠቡልኝ።”

“እሺ” አለ ብሩክ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እንዴት ያለ እሺ መሰላችሁ! ሲሰሙት ሆድ ያባባል።

በሚቀጥለው ሰርቪስ አጥበው ሰጡን። እትዬ ለብሩክ ሲነግሩት ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ደግሞ “እሺ” አለ። መኪና ውስጥ ገብተን ስንሄድ ያሉኝን አልረሳውም። “ጌታቸው፣ እኔ እንቢ የሚለኝን ሰው አልፈራም፤ እከራከረዋለሁ። እሺ የሚለኝን ሰው ነው የምፈራው። እሺ ያለህን ሰው በምን ትይዘዋለህ?”

ቀጥሎ ብልሃት ፈጠሩ። ሜሮንን በትልቁ “እባካችሁ አትጠቡኝ” ብላ ወረቀት ላይ እንድትጽፍ አደረጉና የፊት መስተዋቷ ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። ይሄን ያላየ ዕውር ነው ብለን ተማምነን ቁጭ አልን። መኪናዋ ስትመጣ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። እንዲያውም ከእኛ አለጣጠፍ ይልቅ ቀጥ ብሎ ነው የተለጠፈው። መኪናዋ ግን ታጥባለች! ከወረቀቱ ሥር ያለው መስተዋት ሳይቀር ታጥቧል።

እትዬ ተቆጥተው አጣቢውን አስጠሩ። ደምሴ ይባላል፤ ቦቲ ጫማውን እየጎተተ እየሳቀ መጣ።

“ወረቀቱን አላየኸውም?”

“አይቼዋለሁ እንጂ እትዬ! እንዳይረጥብብዎት ብዬ መጀመሪያ እሱን ነው ያነሳሁት።”

እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሳቄን መቻል አቃተኝ።

“ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?” አለ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሳይታጠብ የወጣ መኪና አለቃ ካየ የሚጠየቀው አጣቢው ነው። ባለፈው አንዱን ጓደኛችንን አቧራ ያለበት መኪና ወጣ ብለው አሰናብተውታል። ባለቤቱ አትጠቡ ብሎ ነው ቢል ማን ይሰማዋል?”

እትዬ ቁጣቸው እንደ ወተት አረፋ ወረደ። “እግዜር ይስጥህ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ” አሉት። መኪና ውስጥ ስንገባ፣ “እኔ ምን ልበለው? ወረቀቴን ከውኃ ያዳነ ልጅ ነው እኮ” አሉ።

ከዚያ ወዲያ “እጥበቱ ላይ እኔ ቆሜ አሳያቸዋለሁ” ብለው ማስታጠቢያቸውን በፌስታል ይዘው መሄድ ጀመሩ። ብሩክ “እሺ እትዬ፣ ለጊዜው እዚህ አረፍ ይበሉ” ብሎ ደንበኛ መቆያ ክፍል አስገባን። ክፍሉ ወደ ሰርቪሱ በኩል ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። ምን የመሰለ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ከረሜላ አለው። ወደ ሥራው ቦታ የሚያስወጣው በር ግን በሠራተኞች ካርድ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ “ለደህንነትዎ ነው” ይላሉ። እሜቴ ከመስተዋቱ ማዶ ስትነዳ አየናት። ደምሴ ባልዲውን ይዞ መጣና ያንኑ ስፖንጅ ከጎማዋ አንስቶ ኮፈኗ ላይ አሳረፈው።

እትዬ ተነስተው መስተዋቱን በጣታቸው አንኳኩ። ደምሴ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱ በራ! እጁን አውለበለበ። እሳቸው ይበልጥ አንኳኩ። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና፣ እንዳዩት ስላወቀ ሥራውን በኃይል ተያያዘው፤ ክንዱ እስኪዝል ነው ያሻት። እትዬ ማስታጠቢያዋን ከፌስታሉ አውጥተው ከፍ አድርገው የማፍሰስ ምልክት አሳዩት። ደምሴ አየ፤ ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ስፖንጁን ጥሎ ሮጠ። “ተመስገን!” አሉ እትዬ። ትንሽ ቆይታ አንዲት ልጅ በር ከፍታ ገባችና የታሸገ ውኃ ሰጠቻቸው። “እናቴ፣ ጠምቷቸዋል ተብዬ ነው።”

እኔ ደሜ ፈላ። “እትዬ፣ ይሄን መስተዋት ልስበረው?” አልኳቸው።

“አርፈህ ተቀመጥ። ዋስትናው መስተዋት አይሸፍንም።”

ደምሴ ከማዶ ተመልሶ እያየ ፈገግ አለ። እትዬ ውኃውን አቀፉና እጃቸውን አንስተው ሰላምታውን መለሱለት። ምነው ስላቸው፣ “ምን ላድርግ? ሰላም ያለኝን ሰው ልዝጋው?” አሉኝ። ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ንዴት አልነበረም። ጥፍር ያለው ጠላት ቢሆን ይቧጭሩት ነበር። በትህትና የታጠረ ሰው በየት በኩል ይውጣ?

ለማምለጥ አልሞከሩም አትበሉ። አንድ ጊዜ “ዋስትናው ገደል ይግባ!” ብለው ገርጂ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ባለጋራዡ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ኮፈኗን ሳይከፍት ዞር ዞር ብሎ አያትና እጁን ኪሱ ከተተ።

“እትዬ፣ ይቺ መኪና ሁሉ ነገሯ በኮምፒውተር ነው። እኔ ከፍቻት ነገ ብታኮርፍ ማን ሊጠየቅ ነው? ለባለቤቶቿ ይመልሷት።”

“ባለቤቷ እኔ አይደለሁ እንዴ?” አሉ እትዬ።

ሰውዬው ወደ ሥራው ዞረ። እኛም ወደ ድርጅቱ መለስናት።

አንድ ቀን ደግሞ ደምሴን ምሳ ሰዓት ላይ በር ላይ አገኙትና የእንግዳውን ነገር፣ የሳፋውን ነገር፣ ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ነገሩት። ደምሴ ሳቀና “እውነት ነው እኮ እናቴ!” አለ። “ግን በዚያ ዓይነት አንዷን ሳጥብ ከኋላዋ ያሉት መኪኖች እስከ በሩ ይሰለፉብኛል።” እትዬ ተስፋ አልቆረጡም፤ “ልቡ ገብቶታል፤ እጁ ነው የታሰረው” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጥር፣ የሰርግ ወቅት፣ የፈሩት ደረሰ። ሙሽራዋን ከቤቷ ወስደን መናፈሻ አደረስናት። አበባው ኮፈኗ ላይ፣ ሪባኑ በጎን በጎኗ። ፀሐዩ ደግሞ አናት የሚበሳ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ደገነ፣ አነሳ፣ ደገነ፣ አነሳ። ከዚያ ሚዜውን ጠርቶ አንሾካሾከ። ሚዜው አፍሮ ወደ እኛ መጣ።

“እትዬ፣ መኪናዋ ካሜራ ላይ ጭረቷ በጣም ይታያል አለን። የጓደኛችንን መኪና ልናመጣ ነው። አይቀየሙን።”

የሙሽሪት ፊት ሊቀየር ሲል እትዬ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከፊት ወንበር ወረዱ። “ሙሽራ በሰርጓ ቀን አታኮርፍም! መኪና ነው እኮ፤ ባል አልቀየሩብሽም!” ብለው ሁሉንም አሳቁ። ከዚያ በገዛ እጃቸው አበባውን ከእሜቴ ላይ አነሱ፣ ሪባኑን ፈቱ፣ ሌላይቱ መኪና ስትመጣ ራሳቸው አሰሩላት። ለሙሽሪት እልል አሉላት። እሜቴ ውስጥ ገብተን በሩን ስዘጋ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ሞተሩን ማስነሳት አቅቶኝ ቆየሁ።

ወሬ እግር አለው። ከዚያ ወዲያ ሙሽራ ቀረ። ኤርፖርት እንግዳ መቀበል፣ ለቅሶ ማድረስ፣ ቀብር ማጀብ ሆነ ሥራችን። “ለቅሶ የሚሄድ ሰው በር አያይም” ይሉ ነበር፣ ሊስቁ እየሞከሩ። ገቢያችን ሲቀንስ ደግሞ ዋስትናው ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። “ብንተወውስ?” ስላቸው፣ “አሁን ሞተሯ ቢሞት ማን ይቀብራታል?” አሉኝ። ስለዚህ በየጊዜው እንገባለን፤ አትጠቡ ይላሉ፤ እሺ ይባላሉ፤ ታጥባ ትወጣለች። ሜሮን በዚያ መሃል ተመርቃ ሥራ ያዘች። ለእትዬ አንዱ ደስታቸው ይሄ ነበር። “እሜቴ ከመደብዘዟ በፊት ልጄን አደረሰችልኝ” ይላሉ።

ዘንድሮ የጥር መድኃኔዓለም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልሼ ሰሚት አደረስኳቸው። በዚያ ሰሞን ለሚ ኩራ በሙሉ ቁፋሮ ነው፤ እሜቴ በአቧራ ዱቄት መስላለች። ወረዱ፣ የኋላውን የግራ በር ዘጉ፣ በመዳፋቸው ቸብ አደረጓት።

“ተባረኪ እሜቴ። ነገ ትታጠቢያለሽ” አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ “አንተም ተባረክ” አሉኝ። ደነገጥኩ። “ምነው እትዬ፣ ደሞዜ ሊቀር ነው?” ብያቸው ስቀው ገቡ።

ሲነጋ ሜሮን ደወለች። ልባቸው ነው፤ በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት።

ለቀብር እሜቴን ላጥባት ማስታጠቢያዋን ሞልቼ ወጣሁ። ከጣሪያዋ ላይ ላፈስ እጄን ሳነሳ በሩን አየሁት። መዳፋቸው እዚያ ነው። ትንሽዬ መዳፍ፣ አራት ጣት ቀጥ ያለ፣ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች። ማስታጠቢያዋን መሬት ላይ አስቀመጥኳት። በዚያ በር ማንም እንዳይገባ ቆለፍኩትና ከነአቧራዋ ለቀብር ወሰድኳት። ሰዉ “ጌታቸው ዛሬ እንኳ አላጠባትም” እያለ አማኝ። ይማኝ!

ሜሮንን ወስጄ አሳየኋት። ሳትነካው የራሷን መዳፍ አጠገቡ አድርጋ ለካችው። በስልኳም አነሳችው፤ ፎቶው ላይ ግን አቧራ ብቻ ነው የሚታየው። ደጋግማ አነሳች፤ እምቢ አለ።

“ጌትዬ፣ እስካለ ድረስ እዚሁ ይቆይልኝ” አለችኝ።

ችግሩ፣ መኪናዋ መሸጥ አለባት። ሜሮን መንዳት አትችልም፤ ቤት ኪራዩም አለ። የተገኘው ገዢ ደግሞ ዋስትናዋ እንዲጸናለት የደረሰውን ሰርቪስ አስደርጋችሁ አስረክቡኝ አለ። ከመሸጧ በፊት ያቺን በር ጥቂት ቀን እንኳ ማየት ነው ልጅቷ የፈለገችው። “ውሰዳት፤ ግን እንዳያጥቧት ንገራቸው። ለምናቸው” አለችኝ።

ወሰድኳት። ብሩክ ማረፋቸውን ስነግረው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። “እኚያ እናት? እኚያ ተጫዋች እናት?” ዓይኑ እንባ ሞላ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር።

“ብሩኬ፣ ዛሬ ብቻ አትጠቧት” አልኩት። “ዛሬ የምር። የኋላው የግራ በር ላይ...” ብዬ ልነግረው ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። ብሩክ ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

“ገባኝ ጋሼ ጌታቸው። ጭረቱ ነው። አታስብ። ዛሬስ እንደ ሌላው ጊዜ አትታጠብም። እሺ።”

መስተዋት ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። እዚያው ሶፋ፣ እዚያው ከረሜላ። ሰርቪሷ አልቆ ከማዶ ስትነዳ አየሁ፤ ቀኝ ጎኗን ነው ወደ እኔ የሰጠችው። ከዚያ ደምሴ መጣ። ባልዲ አልያዘም። አዲስ ነጭ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፤ በእጁ ውኃ የሞላ ጆግ ይዟል። ሌሎቹን መኪኖች ወደ ኋላ አስቁመዋቸዋል። አለቃው ሳይቀር እጁን አጣምሮ ቆሟል። ደምሴ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ጆጉን ከጣሪያዋ በላይ ከፍ አደረገ።

ዘልዬ ተነስቼ መስተዋቱን በቡጢ መታሁት። “አይሆንም! ደምሴ! አይሆንም!” አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳኝ፤ ሐዘን የሚደርስ ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ አቧራው በራሱ እስኪወርድ፣ ከላይ ወደ ታች አፈሰሰላት። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ በካርድ ነው የሚከፈተው። ደምሴ ዞሮ በግራ በኩል ሄደ። ከጣሪያዋ በላይ አናቱና ጆጉ ብቻ ይታዩኛል።

ተቀመጥኩ። ሲጨርስ ወደ እኔ አየ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁት። ምን ላድርግ?

ቁልፉን ሲሰጡኝ ሁሉም ከበውኝ ቆመዋል። “ጋሼ፣ እሳቸው እንዳሉት ነው ያደረግኩት” አለኝ ደምሴ፣ ዓይኑ ቀልቶ። “ስፖንጅ አላስነካኋትም። መጀመሪያ ውኃ ነው ያፈሰስኩላት። ለነፍሳቸው ይሁን።”

ጎንበስ ብዬ የግራውን በር አየሁ። አንድ አዲስ ጭረት የለበትም። በእነዚያ ባረጁ ክቦች መሃል ፊቴ ታየኝ። እትዬ ያንን ሁሉ ዘመን የለመኑት እጥበት ይሄው ነው፤ አንድ ሳይጎድል።

“እግዜር ይስጥልኝ” አልኳቸው።

ሰሚት ስደርስ ሜሮን ግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ገና ከሩቅ መኪናዋ ስታበራ አይታለች። ዞራ በግራ በኩል ሄደችና ቆመች። ከዚያ እጇን ዘርግታ በሩን እንደ እናቷ ቸብ አደረገችው። በሩ ንጹሕ ስለነበር ምንም አልቀረበትም።

“እሺ አላሉህም ነበር?” አለችኝ።

“ብለውኛል” አልኳት።